በረሃ ለሚውል ትልቅ መኪና፦ ሙቀቱን ማስወጣት፣ አቧራውን ማስቀረት

በረሃ ላይ መኪና የሚገድሉት ሁለት ናቸው። ሙቀትና አቧራ። ሙቀት መውጫ ሲያጣ ሞተር ይበላል፤ አቧራ መግቢያ ሲያገኝ እንደዚሁ። ሥራችሁ እንግዲህ መውጫውን ክፍት፣ መግቢያውን ዝግ ማድረግ ነው። ዊንች (መኪና የሚጎትት የገመድ መዘውር)፣ ተጨማሪ መብራት፣ መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ባልስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ደስ ይላሉ፤ እኔም አልጠላም። ግን ዊንች ስለሌለው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የተቃጠለ መኪና አይቼ አላውቅም። ራዲያተሩ ሳይታጠብ ከርሞ የተቃጠለ ግን ስንቱን አየሁ።

እኔ የምነዳው ላንድክሩዘር 70 ነው። ናፍታ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባው) የሌለው። ምሳሌዎቼ ወደሱ ያደላሉ። ፓትሮልም ሆነ ሌላ ትልቅ መኪና ቢኖራችሁ አብዛኛው ያው ነው።

ከሁሉ በፊት የመኪናውን መጽሐፍ ከኪሱ አውጡት። የጥገናው ክፍል ብዙ ጊዜ ሁለት ሰንጠረዥ አለው። አንዱ ለመደበኛ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ። አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ መጎተት፣ ኃይለኛ ሙቀት ሁሉም ከባዱ ውስጥ ተጽፈዋል። የእናንተ ሰንጠረዥ እሱ ነው። የዘይትና የፊልትሮ መቀየሪያውን አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ያወርደዋል። መደበኛው 10,000 ኪሎ ሜትር ካለ እዚያ 5,000 ልታገኙ ትችላላችሁ። «መጽሐፉ 10,000 ነው የሚለው» እያለ የሚከራከረኝ ሰው ሲገጥመኝ አልከራከርም። ገጹን ግለጥ እለዋለሁ።

ከራዲያተሩ እንጀምር

ከመኪናው ፊት ቆማችሁ ስታዩ መጀመሪያ የሚታያችሁ የኤሲው ኮንዴንሰር ነው። ራዲያተሩ ከሱ ጀርባ ነው። በሁለቱ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ፤ ቆሻሻው የሚከማቸው እዚያ ነው። ከፊት ሲታይ ንጹህ ይመስላል። ውስጡ ግን በሣር ፍሬ፣ በነፍሳትና በአቧራ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ከላይ ያለውን መሸፈኛ ፍቱና በእጅ ባትሪ ወደ ታች አብሩበት። ከዚያ አንድ ሰው ከፊት ያብራ፣ እናንተ ከሞተሩ በኩል እዩ። ብርሃኑ በስስ ላሜራዎቹ መካከል ካላለፈ አየሩም አያልፍም።

እጥበቱ አቅጣጫ አለው። ቆሻሻውን ያስገባው ከፊት ወደ ኋላ የሚነፍሰው አየር ነው። ከፊት ውሃ ስትለቁበት ይበልጥ ታስገቡታላችሁ። ስለዚህ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ነው የሚታጠበው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ውሃው በተራ የውሃ ጎማ ይሁን። የላቫጆ ፓምፕ አታስጠጉበት። ላሜራዎቹ በጥፍር የሚታጠፉ ስሶች ናቸው፤ በግፊት ከተኙ መልሰው አየር ይዘጋሉ። የዘይት ቅባት ካለበት ለስላሳ ሳሙና ርጩና አሥር ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ቀጥሎ ሣር ሣሩና የነፍሳት ክንፍ ይመጣል። ብዙ ሰው ቡናማው ሲያልቅ «በቃ ጸዳ» ብሎ ያቆማል። ዋናው ቆሻሻ የሚወጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። «በረሃ ላይ በረዶ የለ፣ አንቲፍሪዝ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ይሠራል። ግማሽ ኩላንት (ያው አንቲፍሪዙ ነው) ግማሽ ውሃ ሲደባለቅ ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢሆን 107 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 1 ባር ያህል ግፊት ሲይዝለት ደግሞ ከ125 ዲግሪ ይበልጣል። ባዶ ውሃ ያለ ግፊት 100 ላይ ይፈላል፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም በታች። በዚያ ላይ ኩላንቱ ዝገት ይከላከላል፣ የውሃ ፖምፓውንም ከመበላት ያድናል። ይህ ማለት ግን ሲበዛ ይሻላል ማለት አይደለም። ሙቀት በመሸከም ውሃ ከኩላንት ይበልጣል። ንጹህ ኩላንት የሞላ ሰው ሞተሩን ይበልጥ ያሞቀዋል። ግማሽ በግማሽ ላይ እርጉ። ውሃውም የተጣራ ይሁን፤ የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን እዚያው ቧንቧዎቹ ውስጥ ይተወዋል።

ያቺን ክዳን አትናቋት። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ናት፤ ከላይ ያየነውን ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት የምትሰጠው ግን እሷ ናት። ጎሚኒዋ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊት አትይዝም። ሌላም ምልክት አላት። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የላይኛው የራዲያተር ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ተጨማድዶ፣ ጎኑና ጎኑ ተጣብቆ ካገኛችሁት መሃሏ ያለችው ትንሿ ቫልቭ አልተከፈተችም ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ መልሶ መሳብ ነበረበት፤ ስላልቻለ ማኒኮቶውን ሳበው። ክዳን ቀይሩ።

ማኒኮቶዎቹን በቀዝቃዛው ጨምቋቸው። ጤነኛው ጠንከር ብሎ ወዲያው ይመለሳል። ሲጨመቅ ቅርጭጭ የሚል፣ ወይም ማሰሪያው አጠገብ ያበጠና የለሰለሰ ካለ ቀኑ ደርሷል። ማየት ብቻ ያታልላል፤ ከውጭ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከውስጥ የተበጣጠሰ ብዙ ነው።

ቬንቲላተሩ (ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ማራገቢያ) መሃል ላይ ያለችው ክብ ነገር ውስጧ የሲሊኮን ዘይት አለ። ሲሞቅ ክንፉን አጥብቃ ትይዛለች፤ ሲቀዘቅዝ ትለቀዋለች። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ክንፉን በእጃችሁ አዙሩት። ሊከብዳችሁ ይገባል። አንዴ ገፋ ሲያደርጉት በራሱ ዞሮ ዞሮ የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ዙሪያዋ አቧራ የያዘ የዘይት ዱካ ካለ፣ ሥራዋን አቁማለች። መኪናው ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ደህና ሆኖ አሸዋ ላይ ቀስ ሲል የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንቲላተር ያለው መኪና ላይ እጃችሁን አታስገቡ፤ ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።) ክንፉን የከበበውን ፕላስቲክም አትጣሉት። እሱ ከሌለ ቬንቲላተሩ የሚስበው በራዲያተሩ ያለፈውን አየር ሳይሆን እዚያው የሚዞረውን ትኩስ አየር ነው።

ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) ላይ መካኒክ ጋር ብዙ ተጣልቻለሁ። «በረሃ ነው የምትሄደው? አውጥተህ ጣለው!» ይላል። አትስሙት። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው የሚጠብቀው። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ራዲያተሩን ዘሎ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሊቀዘቅዝ የታሰበው ሞተር ዳገት ላይ ይበልጥ ይሞቃል። ከተጠራጠራችሁት ፈትታችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አፍሉት። ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ አዲስ ግዙ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅም ሙሉ በሙሉ አይታመንም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች መርፌው ሆን ተብሎ መሃል ላይ እንዲቆም ነው የተሠራው። ውሃው በብዙ ዲግሪ ሲወጣና ሲወርድ እሱ ንቅንቅ አይልም። ከመሃል ሲነሳ ነገሩ ከእጅ ወጥቷል። መኪናችሁ የምርመራ ሶኬት ካለው ትንሽ ስካነር ሰክታችሁ ቁጥሩን እዩ። አሮጌ ከሆነ በዲግሪ የሚናገር ጌጅ አስገጥሙ። የመኪናችሁን የደህና ቀን ቁጥር እወቁት። ሁሌ 88 የሚል መኪና ዛሬ በዚያው መንገድ 96 ካለ፣ ገና ምንም ሳይሆን ራዲያተሩን ታያላችሁ።

ሲሞቅ ምን ይደረግ? ኤሲ ይጥፋ። የሙቅ አየር ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ እሱ ትንሽ ራዲያተር ነው፣ እናንተን ያቃጥላችኋል እንጂ ሞተሩን ያግዘዋል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ማርሽ አውርዱ። ካልወረደ የመኪናውን ፊት ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ቁሙ። እንፋሎትም ፍሳሽም ከሌለ ሞተሩን ሳታጠፉ ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ጠብቁ፤ ውሃውና ቬንቲላተሩ እየዞሩ ሙቀቱን ያወጡታል። እንፋሎት ካለ ወይም ውሃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን አትንኩ። ከመቶ ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ፊት ላይ ሲፈነዳ ቀልድ የለም። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታ መሰንጠቅ ነው። ማኒኮቶው በእጅ ሲያዝ እስኪለሰልስና እጅ እስኪችለው ቁጭ በሉ።

አየር የሚገባበት

ሞተር የሚስበው አየር ብዛት ጉድ ነው። የኔው 4.2 ሊትር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሄድ በየደቂቃው ወደ 4,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይውጣል። በዚያ አየር ውስጥ ያለው አቧራ ፊልትሮውን አልፎ ከገባ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሞተሩ ዘይት መብላት፣ ማጨስ፣ ጉልበት ማጣት ይጀምራል። ቱርቦ ካለ የፊተኛው ክንፍ ጠርዙ ይበላል።

ሰው ፊልትሮ ሲባል ቆሽሿል ወይስ አልቆሸሸም ብቻ ነው የሚያየው። ትልቁ ጥያቄ ግን በጎን ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም ነው። ፊልትሮውን ስታወጡ ከሱ በኋላ ያለውን ቱቦ፣ ማለትም ንጹህ መሆን ያለበትን ጎን፣ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ አቧራ አልፏል። ያኔ የፊልትሮው ዳር ጎሚኒ በትክክል መቀመጡን፣ ሳጥኑ አለመሰንጠቁን፣ ማቀፊያዎቹ ሁሉ መቆለፋቸውን፣ እስከ ሞተሩ ያለው የጎማ ቱቦ በእጥፋቱ ውስጥ አለመቀደዱን አንድ በአንድ እዩ። ቱቦውን ለጠጥ አድርጋችሁ ነው እጥፋቱ የሚታየው። ባለፈው አንድ ወዳጄ አዲስ ፊልትሮ በአዲስ እየቀያየረ አቧራው የሚገባበትን ያጣው መኪና ላይ ያገኘነው ቀዳዳ የክብሪት ራስ አያክልም ነበር።

የወረቀት ፊልትሮ እመርጣለሁ። ዘይት የሚቀባው የጨርቅ ዓይነት ታጥቦ ስለሚደጋገም ይወደዳል፤ እንደ ዱቄት ለላመ አቧራ ግን አላምነውም። ወረቀቱን ስታጸዱ መጀመሪያ መሬት ላይ ሳይሆን መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። መሬት ላይ ሲመታ ዳሩ ይጣመምና መግጠሙ ይበላሻል። በኮምፕረሰር ከሆነ ከ2 ባር በማይበልጥ ግፊት፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉ። ከዚያ ውስጡ የእጅ ባትሪ አብሩበት። የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን ካያችሁ ይጣል። ፊልትሮ በየዕለቱ ከፍቶ መንፋት ንጽህና ይመስላል፤ ጉዳቱ ይበልጣል። በተከፈተ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሁ ጎን የመውደቅ ዕድል አለው፤ ወረቀቱም በነፉት ቁጥር ይዳከማል። ትንሽ አቧራ የያዘ ፊልትሮ እንዲያውም ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል። እኔ መንገዱ እስኪያስገድደኝ አልከፍተውም። መጠባበቂያ አዲስ ፊልትሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አለ።

የሳጥኑ ሥር ትንሽ የጎማ ከንፈር ካለች በየጊዜው ጨመቅ አድርጓት፤ አቧራና ውሃ በሷ ይወርዳል። ከጠፋች ወይም ከደረቀች ሳጥኑ ከታች አቧራ ይስባል።

ስኖርክል (አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚያስገባ ቱቦ) ጎርፍ ለመሻገር ብቻ ይመስለናል። በረሃ ላይ ያለው ጥቅም ሌላ ነው። ጣሪያው ከፍታ ላይ ያለው አየር ጎማ ከሚያነሳው አቧራ ይርቃል፤ ከሞተሩ ክፍል ሙቀትም ይርቃል። ይህ ሁሉ ኖሮ ግን ከፊታችሁ ያለውን መኪና አቧራ እየዋጣችሁ ከነዳችሁ ዋጋ የለውም። በቡድን ስትሄዱ አቧራው እስኪወርድ ራቁ፣ ነፋሱ ወደ ጎን ከሆነ ደግሞ በንጹሁ ወገን ሁኑ።

ጎማ

ጎማን የሚያፈነዳው ብዙ ጊዜ የአየር ማነስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ በመታጠፉ ይሞቃል፤ የአስፋልቱ ሙቀትና ጭነቱ ሲጨመሩበት ይፈነዳል። ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ቀትር ላይ ቆሞ ይለካል፤ 46 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲያይ ደንግጦ ወደ 40 ያስተነፍሳል። ጠዋት 40 የነበረ ጎማ ሲሞቅ ከፍ ማለቱ ጤና ነው። በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ልዩነት 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። የጋለ ጎማ አታስተንፍሱ። የሚለካው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ልኩ የሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ ሙሉ ጭነት ከጫናችሁ የኋላውን ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ላይ አድርጉ።

አሸዋ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። 18 ፒኤስአይ አካባቢ አውርዱ፤ ጎማው ይረዝማል፣ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ሞተሩና ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ያርፋሉ፤ ስለዚህ አየር ማውረድ የሙቀት ጥገናም ነው። ዕዳው ግን አለ። ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ በፍጥነት አትታጠፉ፤ ጎማው ከቸርኬው (ከብረቱ) ሊወጣ ይችላል። ጠንካራው መንገድ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ ንፉ፣ ከዚያ ፍጥነት ጨምሩ። የራሱ ኮምፕረሰር የሌለው ሰው አየር ማውረድ ይፈራል፤ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ከዊንቹ በፊት ይገዛ።

ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሊያረጅ ይችላል። ጎኑ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው በኋላ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2319 ማለት በ2019 በፈረንጆች 23ኛው ሳምንት ነው። ከስድስት ዓመት ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ እዩት፤ አሥር ዓመት የሞላውን ምንም ቢያምር አስወግዱት። በረሃ ላይ ፀሐዩ ከዚያም ቀድሞ ያደርቀዋል። ጎኑን ለጠጥ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ተቀያሪውንም ጨምሩ፤ ጣሪያ ወይም የኋላ በር ላይ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የኖረ ነው። ገዝቶት ከሰቀለው ጀምሮ አየሩን ለክቶት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ባትሪ

ባትሪ በብርድ ይሞታል ይባላል። በብርድ ይታወቅበታል እንጂ የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚለው የባለሙያዎች ግምት ነው። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ውሃው ይተናል። ሳህኖቹ እንዳይጋለጡ የተጣራ ውሃ ብቻ ሙሉ፤ አሲድ አይጨመርም። ሌሊቱን ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ደህና ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ይሁን። ከዚያ ብዙ ካለፈ ጄኔሬተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው። ማሰሪያ ብረቱን አጥብቁ። ጠጠር መንገድ የላላ ባትሪ ሳህኖቹን ያረግፋል። ሁለት ባትሪ ያለው መኪና ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

ዘይትና ሌላው ፈሳሽ

ለናፍታ ሞተሬ ውፍረቱ 15 ደብሊው 40 የሚባለውን ዘይት እጠቀማለሁ፤ መጽሐፉ ለሙቅ አየር ይፈቅደዋል። ለናንተ የሚፈቀደውን ከሙቀት ሰንጠረዡ እዩ። «ሙቅ ነው» ተብሎ ከተፈቀደው በላይ የወፈረ ዘይት መሙላት ጥሩ አይደለም፤ ጠዋት ሲነሳ ላይኛው ክፍል ቶሎ አይደርስም። ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት የክዳኑን ዙሪያ ጥረጉ። የመለኪያውን ዘንግ የምትጠርጉበት ጨርቅም አሸዋ የነካው አይሁን። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ መለካት ለኔ እንደ ፊት መታጠብ ነው።

ቱርቦ ያላችሁ ከረጅም ዳገት ወይም ከአሸዋ በኋላ ወዲያው አታጥፉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ዘይቱ ቆሞ በጋለው ዘንግ ላይ ሲቃጠል ቱርቦው ቀስ በቀስ ያልቃል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሞተሩ ቀድሞ ይሞቃል። ለስላሳ አሸዋ ላይ በከፍተኛው ማርሽ እየገፉ መሄድ ዘይቱን ይጠብሰዋል። ፎር ሎው (በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን ዝቅተኛ ማርሽ) አስገቡ። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ቀይሩ። ጭነትና አሸዋ ከበዛባችሁ ለካምቢዮው ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ማስገጠም ከብዙ ጌጥ ይሻላል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠግብ መስፈርቱ 155 ነው። በሁለት ዓመት ቀይሩት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ፣ በማርሽ ያዙት።

ናፍታ ላይ ውሃ መለያውን አትርሱ። በረሃ ቀኑ ይጋላል ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ግማሽ ባዶ ታንከር ውስጥ ላቡ ይንጠባጠባል። ማታ ሞልቶ ማደር ይረዳል። የፊልትሮውን ሥር ቡሎን ላላ አድርጋችሁ ንጹህ ናፍታ እስኪመጣ ውሃውን አውርዱ። የነዳጅ ጀሪካንም እስከ አፉ አይሞላ፤ ሲሞቅ ያብጣል። ስትሞሉት መሬት ላይ አስቀምጡት እንጂ መኪናው ላይ እንዳለ አትሙሉት፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያነሳ ይችላል።

ከታች ስትገቡ

ሽንሽን ጠጠር መንገድ ብሎን ያላላል። ከእንደዚህ መንገድ በኋላ የአሞርዛተር (የመኪናውን ዝላይ የሚያበርደው)፣ የባልስትራ፣ የፖርቶ መጋላና የባትሪ ማሰሪያ ብሎኖችን በቁልፍ ዞር ዞር ብላችሁ ሞክሩ። አሞርዛተሩ መንካት እስኪያቅት ይግላል፤ ውስጡ ያለው ዘይት ሲግል መኪናው መዝለል ይጀምራል። ያኔ መፍትሔው ፍጥነት ቀንሶ ማረፍ ነው። ባልስትራ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ አትቀቡ፤ አሸዋውን ይይዝና ብረቱን ይፈጫል። የበር ማጠፊያም ያው ነው፤ ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ይሻለዋል።

ክሮቼራ (የሚዞሩትን ዘንጎች የሚያገናኘው መስቀል) ግን ግሪስ ይወዳል። አሮጌው ግሪስ ከየጎሚኒው አቧራውን ገፍቶ እስኪወጣ ድረስ ግፉ፤ ብቅ ያለውን ጥረጉት። እንደኔው ድፍን የፊት አክስል ያለው መኪና ካላችሁ፣ የፊት ጎማ ጀርባ ያለችውን ክብ ኳስ እዩ። ስስ የቅባት ሽፋን ደህና ነው። ግሪሱ ቀጥኖ ዘይት ሆኖ የሚንጠባጠብ ከሆነ የውስጡ ፓራውልዮ (ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ) አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር እየተቀላቀለ ነው።

ዲፈረንሻልም ይተነፍሳል። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫው በአቧራ ከተደፈነ ዘይቱን በፓራውልዮ ገፍቶ ያወጣዋል። ብዙ ሰው ፓራውልዮ ይቀይራል፣ ተመልሶ ያፈሳል፣ ዕቃው አይረባም ይላል። መፍትሔው መተንፈሻዋን ማጽዳት ሊሆን ይችላል። በቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ክፍል ብታሳድጓት ደግሞ ለውሃውም ለአቧራውም ተገላገላችሁ።

ከሥር የሚሰካ ደረቅ ሣር አደገኛ ነው። ማርሜታው (የጭስ ማውጫው) አጠገብ ከተከማቸ ይነዳል። ሣር ካለበት ሜዳ ስትወጡ ቆማችሁ ጎንበስ በሉ። የእሳት ማጥፊያው እጅ በሚደርስበት ይሁን፤ ከሻንጣ ሥር ተቀብሮ ዋጋ የለውም።

ከውስጥ

አቧራ ከኋላ በር በኩል ከገባባችሁ መስኮት ሁሉ ዝጉ፣ የኤሲውን አየር ከውጭ እንዲስብ አድርጋችሁ ማራገቢያውን ጨምሩ። ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭ ሲበልጥ አቧራው በስንጥቁ መግባት ያቅተዋል። ተቃራኒ መኪና አቧራ ለቆ ሲያልፍ ብቻ ለአፍታ ወደ ውስጥ ማዞሪያው መልሱት። የካቢን ፊልትሮውን በየጊዜው አርግፉ፤ ኤሲው ደከመ ከተባለ ግማሹ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ወይም ከፊት ያለው ያልታጠበ ኮንዴንሰር ነው።

የሚያዝ ዕቃ ዝርዝር ረጅም ነው፤ የኔ ይህ ነው። ሁለት ተቀያሪ ጎማ፣ ኮምፕረሰር፣ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ሰፊ ጣውላ (አሸዋ ላይ ክሪኩ ይሰምጣል)፣ የቬንቲላተር ቺንጋ (ቀበቶ)፣ ላይኛውና ታችኛው ማኒኮቶ ከማሰሪያቸው ጋር፣ ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ የአየርና የናፍታ ፊልትሮ፣ ፊውዝ፣ የተደባለቀ ኩላንት። የመኪናው ውሃና የሰው ውሃ በተለያየ ቀለም ጀሪካን ይሁን። ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ጣዕም ስላለው ሕፃንና እንስሳ ይጠጣዋል።

የታይሚንግ ቺንጋ የኔ ሞተር ላይ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። አሮጌ መኪና የገዛችሁ መብራቱን አትመኑ። የቀድሞው ባለቤት ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑን ከፍታችሁ ስንጥቅና ዘይት ካለበት እዩ፣ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩት።

ከጉዞ ስትመለሱ፣ በተለይ ጨዋማ መሬት ረግጣችሁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ከሥር እጠቡት። ጨው ከጭቃ ጋር በሻሲው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከላይ ያበራል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል። በሻሲው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች የውሃ ጎማውን አስገቡና የሚወጣው ውሃ ንጹህ እስኪሆን ልቀቁት። የፍሬኑን ከበሮም አውልቃችሁ አሸዋውን አርግፉ፣ ግን በኮምፕረሰር አትንፉት፤ የሸራው ብናኝ ለሳንባ መርዝ ነው። በውሃ ይታጠብ። ለብዙ ሳምንት የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ጎማዎቹን በልኩ ንፉ፣ መስታወቱን በጣት ውፍረት ዝቅ አድርጋችሁ ፊቱን ከፀሐይ አዙሩት።